ለነጩ ድብ የወረደው ሙሾ

እማ፣

ሙታን ይሰሙናል ወይ? ከቀብር ሲመለስ ይህን በልቡ ያልጠየቀ ሰው ያለ አይመስለኝም። እኔም አንቺን ሸኝተን ስንመለስ፣ እጃችንን ለመታጠብ ደጃፍ ላይ ተሰልፈን ሳለ ጠይቄያለሁ። ቄሱ «ይሰማሉ» አሉኝ። የአባቴ ወንድም አያ ሞላ ደግሞ፣ እንደምታውቂው አፉ አያርፍም፣ «እናትሽ በሕይወቷ የሰው ወሬ ሰምታ አልጠገበች፣ አሁን ምን ብላ ትተዋለች?» አለኝና ራሱ አለቀሰ።

እኔ እንግዲህ ትሰሚያለሽ ብዬ ተቀምጫለሁ። ፊደል እንደማትቆጥሪ አልረሳሁም። ደብዳቤ በመጣ ቁጥር «እስቲ ድገሚው» እያልሽ እስክሰለች ታስነብቢኝ አልነበር? ይህንንም ጮክ ብዬ እያነበብኩ ነው የምጽፈው። ያልገባሽ ቦታ ካለ እደግመዋለሁ።

ከተለየሽን ዓመት ሞልቶ በላዩ ሌላ ክረምት ገብቷል። ቤቱ እንዴት ነው ብትይኝ፣ ቆሟል። በጓሮ በኩል ያፈስ የነበረውን አያ ሞላ ሣር ጨምሮበታል። ቀይዋ ላም ወልዳለች፤ ጥጃዋ ጠባይዋ ያንቺ ነው፣ ማንም ሲነካት አትወድም። ሰቆጣ ባጃጅ ገብቷል። ከመናኸሪያው ወደ ገበያው የሚያወጣውን አቀበት አሁን ሰው ተቀምጦ ይወጣዋል፤ ብታይው «እግር ያለው ሰው ምን ሆኖ?» ትይ ነበር። ጋራው ላይ የስልክ ማማ ስለተተከለ ከቤታችን በላይ ካለው ወይራ ሥር ኔትወርክ ይይዛል። ጠዋት ጠዋት ሰው ሁሉ እዚያ ቆሞ ይጮኻል፤ የማን ልጅ ጅዳ እንደገባች፣ የማን ልጅ ባሕር ዳር ሥራ እንዳገኘ፣ የማን በሬ እንደታመመ መንደሩ በሙሉ ከወይራው ሥር ይሰማል። አንቺን ይህ ብቻ ነው ያመለጠሽ እላለሁ አንዳንዴ።

እኔም ተመረቅሁ፣ እማ። ፎቶዬን ግድግዳው ላይ ሰቅዬዋለሁ። ጎረቤታችን እትዬ ብርቄ ጥቁሩን የምረቃ ልብስ አይታ «ውይ የኔ ልጅ! ለእናቷ ብላ በሐዘን ልብስ ተነሣች!» ብላ ደረቷን መታች። አላረምኳትም። የተማርኩት ስለ እንስሳት ስለሆነ መንደሩ ማሾፉን አልተወም፤ «ፍየል ለመጠበቅ ይህን ያህል ዓመት?» ይሉኛል። ይበሉ። ምደባ እየጠበቅኩ ነው፤ መጠበቅ ግን እንደማልችልበት ታውቂያለሽ። መኪና እንደልብ የማይገባበት ሰሃላ ቢመድቡኝም በእግሬ እገባለሁ። ከብቶቹ እዚያ ናቸው፣ በሽታውም እዚያ ነው፣ እኔ ሰቆጣ ቢሮ ተቀምጬ ምን እሠራለሁ? ብዙ ሐሳብ አለኝ። እሱን ሌላ ቀን አወራሻለሁ።

የዛሬው ስለ ወንድሜ ስለ ኪሮስ ነው።

አትደንግጪ። ወሬ አልመጣም። ክፉም ደግም አልመጣም። የመጣው ሌላ ነገር ነው፤ እሱን ለመናገር ግን ከሥሩ መነሣት አለብኝ፣ ሥሩ ደግሞ ያ ፊልም ነው።

ያኔ እኔ ሰቆጣ እማራለሁ፣ ኪሮስ መናኸሪያው አጠገብ ቪዲዮ ቤት ተቀጥሮ ይሠራል፣ ሁለታችን በአንዲት የኪራይ ክፍል እንኖራለን። አንቺ በገበያ ቀን ስንቅ ታመጪልናለሽ። የኪሮስ ሥራ በር ላይ ቆሞ ሰው ማስገባት፣ ጀኔሬተር ማስነሣት፣ ሲዲ ማስገባት ነበር። ተርጉም ብሎ ያዘዘው የለም። እንግሊዝኛውም ከስምንተኛ ክፍል ላቋረጠ ሰው የሚበቃውን ያህል ነው። ግን ቴሌቪዥኑ አጠገብ ይቆምና፣ ከተሜው የበዛ ዕለት በአማርኛ፣ የገጠር ሰው የበዛ ዕለት በኽምጣኛ፣ የእያንዳንዱን ድምፅ እያስመሰለ ይናገራል። ባለቤቱ መጀመሪያ «ዝም በል፣ ሰው ትረብሻለህ» ብሎት ነበር። በኋላ ሰዉ «ኪሮስ ከሌለ አንገባም» ማለት ሲጀምር እሱ ራሱ ዝም አለ።

አንቺ ያን ቤት ትጠዪው ነበር። «ባለጌ የሚሰበሰብበት» ነበር የምትይው። ያን ዕለት ግን ገበያው ሳይፈታ ዝናቡ ወረደ፤ አንቺና የሰፈራችን ሴቶች መጠለያ አጣችሁ። ኪሮስ በር ላይ ሆኖ «እማ፣ ግቢ! የዛሬው የእንስሳት ነው፣ በሥዕል የተሠራ። አንድም ሰው የለበትም፤ ሰው ከሌለ ባለጌ ከየት ይመጣል?» አለሽ። ሳቅሽ። ባዶ ስልቻሽን እንደያዝሽ ገብተሽ ከፊት አግዳሚ ላይ ተቀመጥሽ፣ ሴቶቹም ተከትለውሽ ገቡ። እኔ ካጠገብሽ ነበርኩ፤ እርጥብ ነጠላሽ ትከሻዬን ሲያቀዘቅዘው ዛሬም ይሰማኛል።

ፊልሙ የሰሜን ዳርቻ ነው፤ መሬቱ በሙሉ በረዶ፣ ባሕሩም በረዶ፣ ፀሐይ ከገባች ወራት የማትወጣበት አገር። አንዲት ነጭ ድብ ሁለት ግልገሎች አሏት። አንድ ተንኮለኛ ነጭ ቀበሮ አለ። እንደ ዝሆን ጥርሱ ወደ ታች የወረደ፣ ወፍራም፣ ጢማም የባሕር አውሬ አለ። በረዶው እየሳሳ ስለሄደ ቤታቸውን ትተው ጠንካራ በረዶ ፍለጋ ይሰደዳሉ፤ ነገሩ ይኸው ነው። ኪሮስ ቀበሮውን እንደ ገበያ ደላላ አናገረው፤ ያን ጢማም አውሬ ደግሞ «እስቲ ነገሩ ከሥሩ ይሰማ!» እያስባለ እንደ ሽማግሌ ዳኛ አደረገው። እናቲቱን ድብ ያናገራት ግን እንዳንቺ ነው። «እናንተ ልጆች፣ እግራችሁ ይሰበር፣ ወዲህ አትሉም!» ስትል ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አንቺ ብቻ ራስሽን አላወቅሽም።

ደግሞስ መቼ ዝም ብለሽ አየሽ? «ይህን ሁሉ በረዶ የሚያወርድባቸው ምን በድለው ነው?» አልሽ ጮክ ብለሽ። በእኛ አገር አንድ ከሰዓት የወረደ በረዶ ገብስ ምን እንደሚያደርግ የምታውቅ ሴት ሌላ ምን ትላለች? «እህላቸውንስ የት ነው የሚዘሩት?» ስትይ ኪሮስ በድቢቱ አፍ መለሰልሽ፦ «እኛ እህል አናውቅም፣ እመቤቴ፣ ዓሣ ነው የምንበላው።» አንቺም ወደ ሴቶቹ ዞረሽ «አያችሁ? ዓመቱን ሙሉ ጾመኞች ናቸው» አልሽ። ሴቶቹ ከንፈራቸውን መጠጡ። ከዚያ በኋላ እነዚያ ድቦች አውሬ መሆናቸው ቀረ፤ እንደ እኛው በመከራ ያሉ ክርስቲያኖች ሆኑ።

ታዲያ ትልቁ ግልገል ሲዘል በረዶው ተሰነጠቀ። ግልገሉ ሰጠመ። እናቱ ከቀዳዳው አፍ ላይ ቆማ ተጣራች፤ ውኃው ተንቦጨቦጨና ጸጥ አለ። ኪሮስ እዚህ ጋ ሁልጊዜ ትርጉሙን ያቆማል፤ እናት ስትጣራ ትርጉም አያሻም ይል ነበር። ጀኔሬተሩ ብቻ ይሰማል። በዚያ ጸጥታ ውስጥ አንቺ ተነሣሽ።

ነጠላሽን ዘቅዝቀሽ ለበስሽ። የአገሩ ሁሉ አልቃሽ አልነበርሽ? ሰው ሲሞት መጀመሪያ የሚላከው ወደ አንቺ አልነበር? እናት ልጇን ከፊቷ ተነጥቃ፣ የሚያስለቅስላት አጥታ፣ በባዕድ በረዶ ላይ ብቻዋን ቆማ ስታዪያት እንዴት ትቀመጪ?

ምነው በረዶው ላይ ቆመሽ ትጣሪያለሽ፣
ውኃ የወሰደውን ማን ይመልስልሽ።

ሴቶቹ ተቀበሉሽ። ልማዳቸው ነዋ፤ አንቺ ካወረድሽ መቀበል ነው። ደረት የሚመታ መታ፣ ልጆቹም አብረው ጮኹ። ሁለተኛውን አወረድሽ፦

ነጭ ነበር ገላው እንደ ጥጥ ባዘቶ፣
እናቱ እያየችው ቀረ ውኃ ገብቶ።

ባለቤቱ ከሻይ ቤት እየሮጠ መጣ። «ማን ነው የሞተው? ማን ሞተብኝ ቤቴ ውስጥ?» ሲል፣ አንዲት ሴት እንባዋን እየጠረገች «ግልገሉ!» አለችው። ሰውየው «የማን ግልገል?» ብሎ በሩ ላይ ቀረ።

ከዚያ ቴሌቪዥኑ ላይ፣ ከዚያ ቀዳዳ በጣም ርቆ፣ በሌላ የበረዶ ስንጥቅ በኩል አንድ ነጭ አፍንጫ ብቅ አለ። «እማማ፣ አለ! አለ እኮ! በሕይወት አለ!» አሉ ልጆቹ እየዘለሉ። ግልገሉ በበረዶው ሥር ዋኝቶ ማዶ ወጥቷል፤ እናቱ ግን አታየውም። ኪሮስ በግልገሉ ድምፅ፣ በኽምጣኛ፣ ቀስ ብሎ፦ «እናቴ፣ አታልቅሺ፣ ማዶ ነኝ። መንገዱን እስካገኘው ነው» አለ።

አንቺ ቆመሽ ቀረሽ። ሰዉ ሲስቅ አልሳቅሽም። ነጠላሽን መልሰሽ አስተካከልሽና ቁጭ አልሽ፤ እናትና ልጅ እስኪገናኙ ድረስ ዓይንሽን ከቴሌቪዥኑ አልነቀልሽም። ስናበቃ ኪሮስ «እማ፣ ምነው ትንሽ ብትታገሺ?» ብሎ ሊያሾፍ ሞከረ። አንቺ ግን «በቁሙ አለቀስኩበት፣ ልጄ። በቁሙ» ብለሽ ዝናቡ ሳያባራ ወጣሽ። በሕይወት ላለ ማልቀስ ሟርት ነው ብለሽ ያሳደግሽን አንቺ ነሽ።

በማግስቱ የነፍስ አባትሽ ዘንድ ሄድሽ። እሳቸው ሳቁ አሉ፤ «ለአውሬ ሙሾ? ያውም ለሥዕል? ሥዕል መች ይሞታል፣ መች ይነሣል?» ብለው ሊያሰናብቱሽ ሲሉ «አባ፣ ሥዕሉ ውሸት ይሁን፤ እንባዬ ግን እውነት ነበር። እሱን ወዴት ላድርገው?» አልሻቸው። ስግደት ሰጡሽ። ሰገድሽ።

ከዚያ ወዲህ ሌላ አልቃሽ ሆንሽ። ሊጠሩሽ ሲመጡ ነጠላ ከማንሣትሽ በፊት «ሬሳውን ያየው ማን ነው?» ትያለሽ። አያ ሞላ መቀለጃ አደረገሽ፤ ዶሮ ሲጠፋ እንኳ «ቆይ፣ ሬሳዋን ያየ ማን ነው?» ይል ነበር። ሰው ሳቀ፣ አንቺም አንዳንዴ ሳቅሽ። ግን አልተውሽውም።

ከዚያ ኪሮስ ዝማምን አገባ። ቪዲዮ ቤቱም ተዘጋ፤ ሰው በየቤቱ ዴክ ገዛ። ከሠርጉ ዓመት ሳይሞላ «ወልድያ ሥራ አለ» ብሎ ከሦስት ጓደኞቹ ጋር ወጣ። ወልድያ እንዳልቀረ ያወቅነው ሰቆጣ ባለሱቁ ዘንድ ሲደውል ነው። «ባሕሩ ዳር ነን። ዛሬ ወይ ነገ እንሻገራለን። እማን አደራ» አለኝ። «ምን ይመስላል ባሕሩ?» ብዬ ጠየቅኩት፤ ሌላ የምጠይቀው ጠፍቶኝ። «በረዶ የለበትም» አለና ሳቀ። ከዚያ በኋላ ምንም።

ወራት አልፈው ከስደት የተመለሰ አንድ ልጅ ጀልባ መገልበጧን ሰምቻለሁ አለ። የኪሮስ ጀልባ ትሁን አትሁን አያውቅም። መንደሩ ግን አወቀ። አንድ ማለዳ ሴቶቹ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው፣ ወንዶቹ ዱላቸውን ይዘው ወደ ቤታችን መጡ። አንቺ በሩ ላይ ቆምሽ፦ «ሬሳውን ያየው ማን ነው?» አልሽ። ያን ቀን የሳቀ የለም። «ማንም ካላየው ወደ ቤታችሁ ሂዱልኝ። አንድ ጊዜ ቸኩዬ አፍሬያለሁ። ሁለተኛ አልቸኩልም።» አያ ሞላ ራሱ መጀመሪያ ዞሮ ሄደ።

የሌላውን ልጅ ሁሉ ያለቀስሽ ሴት ለራስሽ ልጅ አንድ ስንኝ ሳታወርጂ ኖርሽ። ሰው ጨካኝ አለሽ። እኔ ግን ወፍጮ ላይ ተደፍተሽ ትከሻሽ ሲንቀጠቀጥ አየሁሽ፤ የወፍጮው ድምፅ ስለሚበዛ ነበር እዚያን የምትመርጪው።

ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ያንን ፊልም በአንዲት ጓደኛዬ ኮምፒውተር ላይ አገኘሁት። በዚያን ጊዜ እንግሊዝኛው ይገባኛል። ስሰማው ኪሮስ ካለው ውስጥ አንድም የለም! ጢማሙ አውሬ ዳኛ አይደለም፣ ስለ ሆዱ ብቻ ነው የሚያወራው። ግልገሉ ማዶ ሲወጣ ደግሞ ዝም ነው የሚለው፤ ያነጥሳል፣ ውኃውን ያራግፋል፣ በቃ። «እናቴ፣ አታልቅሺ» ያለው ኪሮስ ነው። ለዕረፍት ስመጣ ይህን ነገርኩሽ፣ ታስታውሺያለሽ? ጥቂት አሰብሽና «የኪሮስ ይሻላል» አልሽ። «ግልገል እናቱን ሳይጠራ አይወጣም። ፊልሙን የሠሩት ሰዎች ረስተውት ነው።»

ከዚያ ታመምሽ። ያስታመመችሽ ዝማም ናት። እኔ ፈተና ላይ ነበርኩ፣ ስደርስም ጥቂት ቀን ነው የቀረሽ። እሷ ታገላብጥሻለች፣ እሷ ታጎርስሻለች፣ አንቺም «የኪሮስ ቤት» እያልሽ ትጠሪያታለሽ። በስሟ ጠርተሻት አታውቂም። በቀብርሽ ላይ የሚያወርድ አልቃሽ ጠፋ፤ ሴቶቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። እኔን አዩኝ፤ እኔ ግን አንዲት ስንኝ እንኳ አልመጣልኝም። ዝም ብለን አለቀስን፣ ያለ ግጥም፣ እንደ ሕፃን።

እንግዲህ አሁን የመጣሁበት ላይ ደርሻለሁ። ሙት ዓመትሽ ሲቃረብ አያ ሞላ ቤተ ዘመዱን ሰብስቦ እንዲህ አለ፦ «የእናትየውን ዝክር ስናወጣ የልጁንም ለቅሶ አብረን እናውጣ። እሷ እያለች እሺ፣ አከበርናት። አሁን ግን ያልተለቀሰለት ሰው በሁለት አገር መካከል ይንከራተታል። ይህችም ልጅ» አለ ዝማምን በአገጩ እያሳየ፣ «ይህችም ልጅ ወጣት ናት። ሚስት አትባል ባል የላት፣ መበለት አትባል ሐዘን የላት።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «አስካል፣ የአልቃሽ ልጅ ነሽ። የተማርሽም ነሽ። አንቺ ታወርጃለሽ፣ እኛ እንቀበላለን።»

እማ፣ ተቆጣሁ። ተነሥቼ ቆምኩ። ለማን ለማን እንደጻፍኩ፣ የትኛው ከስደት ተመላሽ ዘንድ ሄጄ ፎቶውን እንዳሳየሁ፣ ወይራው ሥር ቆሜ ስንት ሰው ጋ እንደደወልኩ ዘረዘርኩ። የታሰሩ አሉ አልኩ፣ ስልክ የሌላቸው አሉ፣ አፍረው ዝም ያሉ አሉ። «እናቴ ያልቸኮለችውን እኔ አልቸኩልም!» አልኩ። እንዳሸነፍኩ ተሰማኝ።

ዝማም ከጓዳው በር ላይ ተቀምጣ ነበር። ጉባኤ ላይ ተናግራ አታውቅም፣ ታውቂያታለሽ። ድምፅዋ ቀጭን ሆኖ ወጣ።

«አስካልዬ፣ አንቺ ተስፋ ታደርጊያለሽ፣ ከዚያ ትሄጃለሽ። ትምህርት ቤት ትሄጃለሽ፣ ሰሃላ ትሄጃለሽ። ያንቺን ተስፋ እዚህ ተቀምጣ የምትጠብቅልሽ እኔ ነኝ።»

ቁጭ አልኩ። አያ ሞላ «ይኸው!» ብሎ ሊነሣ ሲል ግን እሷ አልጨረሰችም።

«አያ ሞላ፣ እርስዎም ሞተ አይበሉኝ። ሞተ ካላችሁኝ ጥቁር ልለብስ ነው፤ ደግሞ ያን ጥቁር ለብሼ ሌላ ዓመት ልቀመጥ ነው። እማም አልሞተም እንዳለች ነው የሄደችው፤ ሙት ዓመቷ ሳይደርስ ውሸታም አላደርጋትም።» ትንፋሽ ወሰደች። «አፋቱኝ። በሰማንያ ነው የተጋባነው፤ ሽማግሌ ያጋባውን ሽማግሌ ይፈታል። ሰው ከሞተ ሰው ጋር አይፋታም። ከቆመ ሰው ጋር ነው።»

አያ ሞላ አፉን ከፍቶ ቀረ፤ በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ይመስለኛል። ከዚያ ሳቀ፣ ከዚያ በጋቢው ፊቱን ሸፈነ። «እናቷን! ይህንን ያስተማረቻት እሷ ናት» አለ፤ አንቺን ማለቱ ነው።

ዝክርሽን ብቻውን አወጣን፤ ደግ ሆነ፣ የተራበ አልተመለሰም። በሳምንቱ ሽማግሌዎቹ ወይራው ሥር ተቀመጡ። የዝማም አባት ከአምደወርቅ መጣ። «የኪሮስን ወገን ይዞ የሚቆም ማን ነው?» ሲሉ ሁሉም አያ ሞላን አየ፤ እሱ ግን «እኔ ሞተ ብዬ የነበርኩ ሰው ነኝ፤ ለእሱ መቆም አይገባኝም። እሷ ትቁም» ብሎ ወደ እኔ ጠቆመ። አንድ ሽማግሌ «ሴት ለወንድ ቆማ ስትፈታ ደግሞ ልናይ ነው? በዚሁ ፂም እንዳታበቅልብን!» ብለው አሳቁ። ከሳቁ በኋላ ተስማሙ።

ቆምኩ። ዋናው ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠርገው ዓይኔን እያዩ ጠየቁ፦

«አንተ ኪሮስ፣ ሚስትህ ልፈታ ትላለች። ምን ትላለህ?»

ከዚያ ስልክ ወዲህ ማንም ኪሮስን «አንተ» ብሎ አልጠራውም። «ነበረ» ነው የሚሉት፤ ሲያዝኑልን እንኳ «ጥሩ ልጅ ነበረ» ነው። እኒህ ሽማግሌ ግን መልስ የሚጠብቁት ከእሱ ነው። ሁሉም ይጠብቃሉ። ምን እንደሚል ማሰብ አላስፈለገኝም፤ ወንድሜን አውቀዋለሁ።

«በደል የለባትም» አልኩ። «እናቴን አስታማልኛለች። ያቆየኋት እኔ ነኝ፤ በሰላም ትሂድ። የሳጥኗም፣ የፍየሎቿም፣ የምርቃቷም ባለቤት ናት። እኔም መንገዱን ሳገኝ እመጣለሁ፤ ብመጣ በክፉ ዓይን አላያትም።»

ሽማግሌው «ተናግሯል» አሉ። እንዲያ ነው ያሉት፣ «ተናግሯል»። ወረቀቱ ላይ በእሱ ፈንታ ፈረምኩ። ዝማም ተነሥታ ጉልበቴን ልትስም ስትል ያዝኳት፤ ተቃቅፈን ያለቀስነው ለቅሶ የማን እንደሆነ አላውቅም፤ የሞተ ሰው ለቅሶ ግን አልነበረም። አባቷ ሳጥኑን በአህያ ጭኖ በአምደወርቅ መንገድ ወሰዳት። ዞራ ዞራ አየችን። አሁን እዚያ እህቷ ዘንድ ናት፤ የማታ ትምህርት ጀምራለች። ስትደውልልኝ በመጀመሪያ የምትጠይቀኝ «ምን ተሰማ?» ብላ ነው። ልማድ ነው አልተዋትም። እኔንም አልተወኝም።

እኔም ከዚያ ወዲህ ተስፋዬን ራሴ እጠብቃለሁ። ሰሃላም ብሄድ ይዤው እሄዳለሁ እንጂ ለማንም አላስቀምጠውም። ምደባው እስኪመጣ ደግሞ ዝም ብዬ አልተቀመጥኩም፤ የትምህርት ቤታችን ርዕሰ መምህር ቴሌቪዥን ከሰቆጣ ሊያስመጣ ተስማምቷል፣ ጀኔሬተሩን ወፍጮ ቤቱ ሊያውሰን ነው። ፊልሙን ለልጆቹ ላሳይ ነው። አጠገቡ ቆሜ የምተረጉመው እኔ ነኝ፤ እንግሊዝኛውን ሳይሆን የኪሮስን። ልጆቹ ስለዚያ ሩቅ ሰሜን፣ በረዶው ሲቀልጥ ስለሚሰደዱት እንስሳት ብዙ ይጠይቁኛል፣ እኔም የተማርኩትን እነግራቸዋለሁ። ነጭ ድብ በእውነት አለ፤ ግልገልም ሰጥሞ በበረዶ ሥር ዋኝቶ መውጣቱ ያለ ነገር ነው። ያንቺ ስንኞች ግን በፊልሙ ውስጥ የሉምና እነሱንም እጨምርበታለሁ። አንቺን የማያውቅ ልጅ በዚህ መንደር እንዳያድግ አደርጋለሁ። ይህን ቃል ሰጥቼሻለሁ።

አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽና ላብቃ። እዚያ ያለውን ሰው ሁሉ ታውቂዋለሽ፤ ግማሹን አልቅሰሽ የሸኘሽው አንቺ ነሽ። እስቲ በመካከላቸው ፈልጊልኝ። ኪሮስን እዚያ ካየሽው በሕልሜ ነይና ንገሪኝ፤ አልችልም ሳልል፣ ስንኙ ቢያጥረኝም ባያጥረኝም፣ አገሩን ሰብስቤ እኔ ራሴ አወርድለታለሁ።

ከሌለ ግን፣ እማ፣ አትምጪ። ናፍቆትሽን እችለዋለሁ።

ልጅሽ አስካል